«ዲግሪ ይዤ ካሸር ልሁን?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ። በ2015 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ተመረቅኩ፤ የመውጫ ፈተናውንም በመጀመሪያው ዙር አልፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ያላመለከትኩበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል፤ ሁሉም ልምድ ይጠይቃል። አሁን አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ነው ያለሁት። በቅርቡ አንድ ሱፐርማርኬት በካሸርነት ልቅጠርሽ አለኝ። አባቴ ግን «ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርንሽ ሳንቲም ልትቆጥሪ ነው?» ብሎ ተቆጣ። እኔም እዚያው እንዳልቀር ፈራሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሥራውን ያዢው።

አባትሽን ግን አትቀየሚው፤ ለአንቺ የደከመውን እሱ ነው የሚያውቀው። ያንን ፈተና ማለፍሽም ቀላል አይደለም። በዚያ ዙር ያለፉት ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ፣ ከግል ተቋማት ደግሞ 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሥራ ያጣሽው ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከጥቂት ተነስተው ከ40 በላይ ሲደርሱ የሥራ ቦታው በዚያ ልክ አልሰፋም። ቤት በተቀመጥሽ ቁጥር ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ ባንኮች ጀማሪ ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ የምረቃ ዓመት ይገድባሉ፣ ሌላው መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት ልምድ ይላል፣ አንቺ ለአንዱ የቆየሽ ለሌላው ልምድ የሌለሽ ሆነሽ መሃል ላይ ትቀሪያለሽ።

ካሸርነት ከሙያሽ የራቀ አይደለም። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ከማሽኑ ዜድ ሪፖርት (የቀኑን ሽያጭ ድምር የሚያሳየውን ወረቀት) አውጥተሽ በእጅሽ ካለው ብር ጋር ታመሳክሪያለሽ፤ ጉድለት ካለ ከየት እንደመጣ ትፈልጊያለሽ። 15 በመቶው ቫት በየደረሰኙ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ በየቀኑ ታያለሽ። ጎን ለጎን ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ መሥሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ተማሪ፤ ማስታወቂያዎች ላይ በብዛት ይጠየቃል። ጥቂት ወራት ከሠራሽ በኋላ የፋይናንስ ኃላፊውን ቀርበሽ «የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፣ ቦታ ሲከፈት አስቡኝ» በይ። ዝም ካልሽ ማን ያውቅልሻል?

ከሁሉም በላይ ግን ወረቀትሽን አስተካክይ። ከመፈረምሽ በፊት ደመወዝሽ በፔሮል የሚከፈልና የሥራ ግብር የሚቆረጥበት መሆኑን ጠይቂ። ብዙ የቅጥር ማስታወቂያዎች ከግል ድርጅት ለሚመጣ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ዓመታት በእጅ እየተከፈለው ሠርቶ ልምዱ ውድቅ የሚደረግበት ልጅ አለ፣ ይሄ ነገር አንጀቴን ያቃጥለኛል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ «ገና ሙከራ ላይ ነሽ» እያሉ ስድስት ወር ሊያቆዩሽ አይችሉም። የሥራሽን ዓይነት፣ የቆየሽበትን ጊዜና ደመወዝሽን የሚገልጽ የልምድ ደብዳቤም ስትጠይቂ በነጻ ሊሰጥሽ ይገባል። ደብዳቤው ላይ የዕለት ሒሳብ መዝጋትና ማመሳከር የሚለው በግልጽ ይጻፍልሽ።

ማመልከትሽን እንዳታቆሚ፣ ሲቪሽንም ሰው ያሳይልሽ። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በሥራ ፈላጊ ወጣቶች ላይ የተጀመረ አንድ ጥናት ነበር። ገሚሶቹ ሥራ እንዲፈልጉበት የትራንስፖርት ብር ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ ሲቪ አጻጻፍና ኢንተርቪው ሠለጠኑ፣ ችሎታቸውም ተፈትኖ ሰርተፍኬት ያዙ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ የትራንስፖርቱ ብር ውጤት ደብዝዟል፤ የሠለጠኑት ገቢ ግን ካልሠለጠኑት በ20 በመቶ ገደማ በልጦ ነበር።

ጥያቄ፦ አንድ ኤጀንሲ ሥራ አገኝልሃለሁ ብሎ የመመዝገቢያ ብርና የመጀመሪያ ወር ደመወዜን ግማሽ ጠየቀኝ። ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ አትክፈል ወንድሜ። በዚያው አዋጅ መሠረት የሀገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው ገንዘብ መቀበል አይችልም፤ ክፍያው ከአሠሪው ጋር ያለ ጉዳዩ ነው። ቀድመህ ከፍለህ ከሆነ ደረሰኙን ወይም ገንዘብ ያስገባህበትን የባንክ ማስረጃ ይዘህ ወደ ሥራና ክህሎት ቢሮ ሂድ። ዋናውን ዲግሪህን ደግሞ ለማንም ጥለህ እንዳትመጣ፣ ኮፒ ይበቃቸዋል።