የቴሎሜር መርዘም ወጣትነት አይደለም

ጤነኛ የሆኑት አባትዎ «እርጅናን ያዘገያል» የተባለለትን የዘረ መል መርፌ ለመወጋት ባሕር ማዶ ወደሚገኝ የግል ክሊኒክ ሊሄዱ ማሰባቸውን ነግረውን ምክር ጠይቀዋል። የእኔ መልስ አይሂዱ የሚል ነው። ግን «ይህ እኮ ሳይንስ ነው» ብለው እንደሚከራከሩዎት እገምታለሁ፤ በከፊል እውነታቸውን ነው።

ሥራዬ ለብዙ ዓመታት በላቦራቶሪ ውስጥ የቴሎሜር ርዝመት መለካት ነበር። ቴሎሜር በክሮሞዞም ጫፍ ላይ የሚገኝ፣ ሕዋስ በተከፈለ ቁጥር እያጠረ የሚሄድ የዲኤንኤ ክፍል ነው። ቴሎሜሬዝ የተባለው ኢንዛይም መልሶ ያስረዝመዋል። መርፌው ውስጥ አለ የሚባለውም የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ነው።

አባትዎ ስለ አይጦቹ አንብበው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 በስፔን የተመራማሪዋ ማሪያ ብላስኮ ቡድን ይህንኑ ዘረ መል በቫይረስ ጭኖ ለአይጦች ሰጠ። በአንድ ዓመታቸው የተወጉት ዕድሜ በ24 በመቶ፣ በሁለት ዓመታቸው የተወጉት ደግሞ በ13 በመቶ ጨመረ፤ ካንሰርም አልበዛባቸውም። ግሩም ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የላቦራቶሪ አይጥ የምትኖረው ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆን ቴሎሜሯም ከሰው እጅግ ይረዝማል። በሰው ዘንድ አብዛኞቹ ሕዋሳት ቴሎሜሬዝን አጥፍተው ይኖራሉ፤ ከአሥር የካንሰር ዕጢዎች ዘጠኝ ያህሉ ግን መልሰው ያበሩታል። በስድሳዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው ገና ያልታወቀ ዕጢ ቢኖርበት ይህ መርፌ ማንን እንደሚያግዝ ያስቡት።

ቀጥሎ የሚጠቀሰው የኤሊዛቤት ፓሪሽ ታሪክ ነው። የባዮቪቫ ኩባንያ ኃላፊ የሆነችው ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ2015 ኮሎምቢያ ውስጥ ሕክምናውን በራሷ ላይ አስደረገች። በዓመቱ ኩባንያው የነጭ ደም ሕዋሳቷ ቴሎሜር ከ6.71 ወደ 7.33 ኪሎቤዝ (የዲኤንኤ ርዝመት መለኪያ) ማደጉን አስታወቀ፤ ዘጠኝ በመቶ ገደማ ማለት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ቁጥር ይማረካል፣ እኔን ግን አንዳች አያስደንቀኝም። የአንድ ሰውን ደም ለሁለት ከፍለን በተለያየ ቀን ስንለካ ይህን ያህል ልዩነት ሲወጣ አይቻለሁ። ዲኤንኤው የተጣራበት መንገድ ይነካዋል፤ የናሙናው አቀማመጥ ይነካዋል። ሰውየው በዚያ ሳምንት ጉንፋን ከነበረበት የነጭ ደም ሕዋሳቱ ስብጥር ስለሚቀየር፣ አንድም ቴሎሜር ሳይረዝም አማካዩ ሊለወጥ ይችላል። ነጠላ ውጤት ይዞ የሚመጣን ሁሉ አለቃችን «ከምን ጋር አወዳደርከው?» እያሉ ይመልሱት ነበር። የአንዲት ሴት ሁለት ልኬት ደግሞ የሚወዳደርበት የለውም።

ብዙም የማይነገረው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው ሌላ ጉዳይ ነው። ዘረ መሉን ለመሸከም በአብዛኛው የሚመረጠው ኤኤቪ የተባለ ቫይረስ ነው። ሰውነት አንዴ ካወቀው ፀረ እንግዳ አካል ያመርትበታል፤ በዚያው ቫይረስ ለሁለተኛ ጊዜ መታከም እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። እንደ ክኒን አቋርጠውት ከሰውነት የሚወጣም አይደለም። ስለዚህ አባትዎ ዛሬ ላልተረጋገጠ ነገር ዕድላቸውን ቢጠቀሙበት፣ ነገ ለልብ ሕመም እውነተኛ የዘረ መል ሕክምና ቢያስፈልጋቸው በሩ ተዘግቶ ሊጠብቃቸው ይችላል። እውነተኛ የዘረ መል ሕክምና ደግሞ ቅዠት አይደለም፤ በአንድ ዘረ መል ጉድለት ለሚመጣ የዓይን ሕመም የሚሰጠው ሉክስተርና በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እርጅና ግን የአንድ ዘረ መል ጉድለት አይደለም።

አሁንም «እሄዳለሁ» ካሉ ገንዘቡን ከመላካቸው በፊት ክሊኒኩን በጽሑፍ ይጠይቁት። ጥናቱ የት ተመዝግቧል? ያልተወጋ የማወዳደሪያ ቡድን አለው? የትኛው ቫይረስ፣ በምን መጠን ይሰጣል? ጉበታቸውንና ደማቸውን ለዓመታት የሚከታተለው ማን ነው? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል? በመልሱ ፋንታ የደስተኛ ደንበኞች ፎቶግራፍ ከላኩላችሁ፣ ለአባትዎ ያንኑ ያሳዩአቸው።