መልስ፦ ያገለገለ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር ለጣና ጀልባ

ወንድሜ፣ ጣና ላይ የምታጠምድበትን ጀልባ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር አውርጄ ያገለገለ ባለ 40 ልግጠም ወይ ብለሃል። መጀመሪያ ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ሳንቃ እየው። ባለ 40ው ከባድ ነው፤ ሳንቃው ከላላ ወይም ከበሰበሰ እርሳው። በእኔ እምነት ባለ 25 ይበቃሃል።

ጣና ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ ሞተር ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህል ያጣል። የሞተሩ ዙር እስከ ሙሉ ፍጥነቱ አልወጣ ካለ ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋበት ርቀት) አነስ ያለ ፕሮፔለር ግጠምለት።

ስትገዛ ሞተሩ ሳይሞቅ ራስህ አስነሳው። አሙቀው ከጠበቁህ ጠርጥር። የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን (ውስጣቸው የሚታመቀውን ግፊት) አስለካ፤ ልዩነታቸው ከ10 በመቶ ካለፈ ተወው። ከታች ያለውን የማርሽ ዘይት ብሎን ላላ አድርገህ ትንሽ አፍስስ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ሞተሩን አትንካው።