በተዋጊ ጄት የኋላ ወንበር ስለሚበሩ መርከበኞች፦ ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ የባሕር ኃይል በአንድ የሱፐር ሆርኔት ተዋጊ ጄት ስኳድሮን (የጄቶች ጓድ) ውስጥ በፕሌን ካፕቴንነት አገልግያለሁ። ፕሌን ካፕቴን የሚባለው ቡናማ ሹራብ ለብሶ ጄቱን ከበረራ በፊትና በኋላ የሚመረምር፣ ፓይለቱንም በወንበሩ ላይ አስተካክሎ የሚያስር ባለሌላ ማዕረግ ነው። አንድ ጊዜ በኋላ ወንበር ተቀምጬ የመብረር ዕድል አግኝቻለሁና የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መኮንን ያልሆነ መርከበኛ በተዋጊ ጄት መብረር ይፈቀድለታል?

መልስ፦ ይፈቀድለታል፤ ነገር ግን በአዛዦች ፈቃድ የሚሰጥ ሽልማት እንጂ መብት አይደለም። ኤፍ ኤ 18 ኤፍ የተባለው ሱፐር ሆርኔት እና ኢኤ 18 ጂ ባለሁለት ወንበር ጄቶች ሲሆኑ ኤፍ ኤ 18 ኢ እና ኤፍ 35 ሲ ግን አንድ ወንበር ብቻ ስላላቸው፣ ዕድሉ በተመደቡበት ስኳድሮን ይወሰናል። የኋላው ወንበር በመደበኛነት የአንድ መኮንን የሥራ ቦታ በመሆኑ፣ ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው የዓመቱ ምርጥ መርከበኛ ተብሎ ለተመረጠ ወይም በጥገና ሥራው ለተመሰገነ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በሌሞር የጦር ሰፈር መካኒክ ነው። ስሙ ቢጠራ በምን ይዘጋጅ?

መልስ፦ በመጀመሪያ የበረራ ሐኪም ይመረምረዋል። ኤጀክሽን ሲት የሚባለው አስፈንጣሪ መቀመጫ የተሠራው ከ62 እስከ 97 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ስለሆነ ክብደቱም ይታያል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሕልውና ሥልጠና ነው፤ ኦክስጅን ሲያንስ በራሱ ላይ የሚታየውን ምልክት ይለያል፣ በበረራ ልብስና በቦት ጫማ ይዋኛል፣ ውኃ ላይ ከወደቀ ፓራሹት ሥር መውጣትንም ይለማመዳል። እኔ ደጋ ያደግሁ ሰው በመሆኔ ከሁሉም የከበደኝ ይህ የመጨረሻው ነበር። እርጥቡ ጨርቅ ፊት ላይ ሲለጠፍ መንፈራገጥ የበለጠ ያጠላልፋል፤ መፍትሔው በጀርባ ተንጋልሎ ጨርቁን ከፊት ከፍ ማድረግ፣ አንዱን ስፌት በእጅ ይዞ ሳይለቁ እስከ ጠርዙ ድረስ መከተል ነው። ወንድምዎ ዋና ካልቻለ ስሙ እስኪጠራ ሳይጠብቅ ከዛሬ ይጀምር።

ጥያቄ፦ የማስፈንጠሪያውን እጀታ ሳላስበው ብይዘውስ?

መልስ፦ ይህ በእርግጥ የደረሰ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በፈረንሳይ አንድ የ64 ዓመት ሲቪል፣ የሥራ ባልደረቦቹ በድንገት ባዘጋጁለት ስጦታ በራፋል ጄት ተሳፍሮ ነበር። ማሰሪያው በሚገባ አልጠበቀም፤ ሐኪሙ ያዘዘው የጫና ገደብም ለፓይለቱ አልደረሰውም። ጄቱ ሽቅብ ከወጣ በኋላ ሲስተካከል ሰውየው ከወንበሩ ተነሥቶ ሲንሳፈፍ ያገኘውን ጨበጠ፤ የጨበጠው ግን እጀታውን ነበርና ከጄቱ ተፈንጥሮ ወጣ። ሁለቱም መውጣት ሲገባቸው ሥርዓቱ በመበላሸቱ ፓይለቱ በቦታው ቀርቶ ጄቱን በሰላም አሳረፈ፤ ተሳፋሪውም ተረፈ። በሱፐር ሆርኔት እጀታው በጉልበቶች መካከል ይገኛል፤ ማን ማንን እንደሚያስወጣ የሚወስነው የኋላ ወንበር ማንሻ በተለመደው ቦታ ላይ ከሆነ፣ ተሳፋሪው እጀታውን ቢጎትት የሚወጣው እሱ ብቻ ነው፤ ፓይለቱ ቢጎትት ግን ሁለቱም ይወጣሉ። ስለዚህ ማሰሪያዎ ትከሻዎን እስኪጫን ድረስ ይጥበቅ፤ እጅዎንም ጭንዎ ላይ ያኑሩ።

ጥያቄ፦ ማቅለሽለሽስ?

መልስ፦ ቀለል ያለ ምግብ ይብሉ፣ አድማሱን ይመልከቱ፤ ስሜቱ ሲጀምርም ሳያፍሩ ለፓይለቱ ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ነዳጅና ጊዜ ማባከን አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም ብዬ በሙሉ ልብ አምናለሁ። የጄቱ ገደብ 7.5 ጂ፣ ማለትም የክብደት 7.5 እጥፍ ጫና፣ ነው ተብዬ ለዓመታት አውቅ ነበር፤ ነገር ግን በ6 ጂ ብቻ 70 ኪሎ የሆነው ሰውነቴ እንደ 420 ኪሎ ሲጫነኝ፣ በየቀኑ የምመረምራቸው ብሎኖች ምን እንደሚሸከሙ በአካሌ ተረዳሁ። ከዚህም በላይ የማልረሳው ሌላ ነው። ፓይለቱ ጄቱን በቀስታ ሲገለብጠው የጥፍር ያህል የምታንስ ቁራጭ ሽቦ ከወለሉ ተነሥታ በዓይኔ ፊት ተንሳፈፈች። ያንን ወለል በዚያው ጠዋት ያጸዳሁትና ንጹሕ ነው ብዬ የፈረምሁት እኔ ነበርሁ። ሽቦዋን በጓንቴ ይዤ ወደ ኪሴ ከተትኋት፤ ካረፍንም በኋላ የራስ ቁሬን አውልቄ ወለሉን ጥግ ለጥግ በጣቴ ዳሰስሁት።