አስሩ ነገድ የት ገቡ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ጸጉር ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ክርክር ተነሳና አንዱ የጠፉት አስሩ የእስራኤል ነገዶች ጃፓን ገብተዋል አለ፣ ሌላው ኧረ እኛው ነን አለ። እውነቱ የቱ ነው?

መልስ፦ የጃፓኑን ተወው ወንድሜ፣ የዩቲዩብ ወሬ ነው። አሦሮች የአስሩ ነገድ መንግሥት ዋና ከተማ የነበረችውን ሰማርያን የያዙት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ ነው፣ ንጉሡ ዳግማዊ ሳርጎን 27,290 ሰው ማርኬ ወሰድኩ ብሎ አስጽፏል፣ እንግዲህ ቁጥሩን እየው፣ ይሄ አስር ነገድ ሙሉ ነው? 2ኛ ነገሥት 17 ላይ በአላሔ፣ በአቦር፣ በጎዛን ወንዝና በሜዶን ከተሞች አኖራቸው ይላል፣ ያው የዛሬው ሶሪያ፣ ኢራቅና ኢራን አካባቢ ማለት ነው፣ አብዛኞቹም እዛው ተጋብተው ተዋልደው ከህዝቡ ጋር ተቀላቅለው ቀሩ። ካልተማረኩት ገሚሱ ወደ ይሁዳ ሸሸ፣ ገሚሱ ካገሩ ንቅንቅ አላለም፤ ሳምራውያን እስካሁን ገሪዛን ተራራ ላይ ለፋሲካ በግ እያረዱ የኤፍሬምና የምናሴ ልጆች ነን ይላሉ። ሉቃስ 2 ላይ ያለችው ነቢይት ሐናስ ከአስሩ አንዱ ከሆነው ከአሴር ወገን አይደለች እንዴ፣ ታዲያ ምኑን ጠፉ?

"እኛ ነን" ያለው ሰውዬ ቤተ እስራኤልን አስቦ ከሆነ ወሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ኤልዳድ የሚባል ተጓዥ የዳን ነገድ በኩሽ ምድር አለ ብሎ አውርቷል፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእስራኤል የሴፋርዲ አይሁድ ዋና ራቢ የነበሩት ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል የዳን ዘር ናቸው ብለው ወሰኑ፣ ለአሊያው፣ ማለትም ወደ እስራኤል ለመፍለሱ፣ በር የከፈተው ይሄ ነው። የታሪክ ሰዎች ብዙዎቹ ግን የዳኑን ሐረግ አይቀበሉትም።