ተራራ በረዶ ላይ ሲናድ፦ ጥያቄና መልስ

ግግር በረዶ ዓመት ከዓመት ተጠራቅሞ፣ በራሱ ክብደት ቁልቁል የሚፈስ ወፍራም በረዶ ነው። ሞሬይን የምንለው ደግሞ ግግሩ ተሸክሞ አምጥቶ ዳርና ጫፉ ላይ የሚተወውን የድንጋይና የአፈር ክምር ነው። ተራራ ተንዶ ግግሩ ላይ ሲወድቅ ምን ይሆናል? ጥያቄዎቻችሁን ተራ በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ይግላል። ታዲያ በረዶውን ቶሎ አያቀልጠውም?

መልስ፦ እንደ ውፍረቱ ነው። ስስ አቧራ ከሆነ፣ አዎ፣ ቶሎ ያቀልጠዋል። ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሙቀቱ ድንጋዩን አልፎ በረዶው ጋ ሳይደርስ ይመሻል። ጋቢ ሰውን ከብርድ እንደሚጠብቅ ሁሉ፣ በረዶ ብትጠቀልልበትም ከሙቀት ይጠብቀዋል።

ጥያቄ፦ ይህ በተግባር የታየበት ቦታ አለ?

መልስ፦ አላስካ ውስጥ ሸርማን የሚባል ግግር በረዶ አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1964 መጠኑ 9.2 የሆነው ርዕደ መሬት አካባቢውን ሲያናውጥ፣ አንድ ተራራ ተንዶ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህለውን የግግሩን ክፍል በፍርስራሽ ሸፈነው። የፍርስራሹ ውፍረት በአማካይ ከአንድ ሜትር በላይ ነበር። ግግሩ ከዚያ በፊት ወደ ኋላ እያፈገፈገ ነበር። ከናዳው በኋላ ግን ቅልጠቱ ቀነሰ፤ ጫፉም ቀስ እያለ ወደ ፊት መሄድ ጀመረ። ልብ በሉ፣ አየሩ አልቀዘቀዘም።

ጥያቄ፦ የድንጋዩ ክብደት ገፍቶት ቢሆንስ?

መልስ፦ ክብደቱ ያን ያህል አይደለም። 2 ሜትር ፍርስራሽ ቢመዘን ከ4 ወይም ከ5 ሜትር በረዶ ጋር ነው። ግግሩ ደግሞ በመቶዎች ሜትር ሊወፍር ይችላል። ዋናው ነገር በየበጋው መቅለጥ የነበረበት በረዶ ሳይቀልጥ መቅረቱ ነው።

ጥያቄ፦ ሞሬይን ካየን ያኔ ብርድ ነበር ማለት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። እኔን በጣም የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ኒው ዚላንድ ውስጥ፣ ከፍራንዝ ጆሴፍ ግግር በረዶ በታች፣ ዋይሆ ሉፕ የሚባል ትልቅ ቅስት ሞሬይን አለ። ለረጅም ጊዜ የጥንት ቅዝቃዜ ምስክር ተደርጎ ሲጠቀስ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች ድንጋዮቹን ቀረብ ብለው ሲያዩ አብዛኞቹ ጠርዛቸው የሾለ፣ ዓይነታቸውም በአካባቢው ካሉት ሌሎች ሞሬይኖች የተለየ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ያመጣው የተራራ ናዳ ነው አሉ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ግግሩ ከሥሩ እየፈጨ ያመጣው ድንጋይ ግን ጠርዙ የተሞረደ፣ ፊቱ የተጫጫረ፣ ዓይነቱም የተደባለቀ ይሆናል። ድንጋዩን ሳያዩ ስለ ጥንቱ አየር መፍረድ ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ የተራራ አናት ራሱ ሊናድ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። የኒው ዚላንዱ ኦራኪ (ማውንት ኩክ) እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1991 አናቱ ተንዶ ታዝማን ግግር በረዶ ላይ ወርዷል።

ጥያቄ፦ እኛ አገርስ ሞሬይን አለ? ባሌ ነው ያደግሁት።

መልስ፦ አለ እንጂ፣ እህቴ! በባሌም በሰሜን ተራሮችም አለ። የሳነቴ አምባ በጥንት ዘመን በረዶ ነበረበት፤ ከ40,000 ዓመት በፊት እንኳ ግግሩ ሸለቆዎቹን ይዞ ወርዶ ነበር። እዚያ ድንጋዩ በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የወለደው ስለሆነ፣ ዓይነቱን ብቻ አይቶ ናዳውን ከግግሩ መለየት ይከብዳል። ስትሄጂ ጠርዙንና ጭረቱን እይ።