አንድ እግሬ ብቻ አበጠ፤ ከመተግበሪያው ይሆን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ነዎት? የ26 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ማስተርሴን በኦንላይን ስለምማር ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ነኝ። ሰሞኑን ተማሪዎች እንዲንቀሳቀሱ ተብሎ የኦግመንትድ ሪያሊቲ መተግበሪያ ተሰጠን። በስልኩ ካሜራ ሳሎኔ ውስጥ ፊኛ እያሳየ "ተነሺ፣ ምቺው" ይላል። ስዘል ልቤ ይመታል። ቀኝ ባቴም ያመኛል፣ አበጥ ብሏል። የሕመም ማስታገሻውን ዲክሎፌናክ ከጀመርኩ 2 ሳምንት ሆነኝ። ልቤ ተጎድቶ ይሆን? መተግበሪያውን ላጥፋው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳሽን የልብሽን ነገር ላስቀድም። ስትዘዪ ቢመታ፣ አረፍ ስትዪ ደግሞ ቢረጋጋ፣ ጤነኛ ልብ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ወራት ተቀምጦ የከረመ ሰውነት ትንሽ ሲንቀሳቀስ ያለከልካል። አይዞሽ።

እኔን ያስጨነቀኝ ባትሽ ነው። ሁለቱም ቢዝሉብሽ የመዝለል ድካም ነው እል ነበር። አንዱ ብቻ ካበጠ ግን፣ በተለይ ለሰዓታት በሚቀመጥ ሰው ላይ፣ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ስጋቱ ይጨምራል። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ሊገድል ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ስትተነፍሺ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ደም ካሳለሽ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል!

"ብርድ ነው" የሚልሽ አይጠፋም። ብርድ አንድ ባት ለይቶ አያሳብጥም። "ወጌሻ ጋ ሄደሽ ታሺ" የሚልሽም አለ። እባክሽ፣ በቅቤም ይሁን በቪክስ ማንም እንዳያሸው። ደም የረጋበትን እግር ማሸት የረጋውን ሊነቅለው ይችላል። ወጌሻው ጎበዝ ቢሆንም፣ እናትሽ ቢሆኑም፣ አይታሽም።

ዲክሎፌናኩንስ 2 ሳምንት ሙሉ ማን አዘዘልሽ? ሕመሙን ይሸፍንልሻል እንጂ የረጋ ደም አያሟሟም፤ ጨጓራሽንና ኩላሊትሽን ግን ሊጎዳ ይችላል። አቁሚውና ዛሬውኑ የእግር ደም ሥር አልትራሳውንድ፣ ዶፕለር የሚባለውን፣ የሚያነሳ ሆስፒታል ሂጂ። እስከዚያ መዝለል የለም።

መተግበሪያውን አታጥፊው። ከወንበር ማስነሳቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ብቻ ጉጉቱ ቶሎ ያልፋል። እየተራመዱ የሚጫወቱት ተመሳሳይ የስልክ ጨዋታ፣ ፖኬሞን ጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት የተጫዋቾቹ እርምጃ ጨምሮ፣ በ6ኛው ሳምንት ወደ ነበረበት ተመልሷል። እና ፊኛው ሲሰለችሽ በየሰዓቱ ተነስተሽ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ውጪ፣ ውረጂ። ይሄ ግን ከዶፕለሩ በኋላ ነው። ክፍል አለኝ እንዳትዪኝ፤ ትምህርቱ ተቀድቶ ይጠብቅሻል።