አፓቼዎች ወደ ሜክሲኮ ለምን ይሸሹ ነበር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ለደንበኞቼ የካውቦይ ፊልም ስከፍት አፓቼ የሚባሉት የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ሁሌ ወደ ሜክሲኮ ይሸሻሉ። አገራቸው የቱ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ አገራቸው እዚያው የአሜሪካና የሜክሲኮ ድንበር ያለበት ምድር ነው፤ ድንበሩ ነው በላያቸው የተሰመረው። በ1848 (ዘመኑ በፈረንጆቹ ነው) ሜክሲኮ ተሸንፋ ሰሜኗን ለአሜሪካ ለቀቀች። በ1854 ደግሞ የአሪዞና ደቡብ በ10 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። አፓቼን ማን ጠይቆት!

የመቀስ ሰው ነህና ይህን ልንገርህ፦ የሜክሲኮዋ ሶኖራ ክፍለ ግዛት በ1835 የአንድ አፓቼ ወንድ ፀጉር ከነራስ ቆዳው ተገፎ ለሚያመጣላት 100 ፔሶ ትከፍል ነበር። የታዋቂውን የአፓቼ ተዋጊ የጄሮኒሞን እናት፣ ሚስትና ሦስት ልጆች የገደሉትም የሜክሲኮ ወታደሮች ናቸው። እና ወደዚያ መሸሽ ዕረፍት አልነበረም። የሚሸሹት ግን የእኛ ሽፍታ ዓባይን ተሻግሮ አሳዳጁን እንደሚያመልጠው ነው፤ የአሜሪካ ጦር ድንበሩ ላይ ይቆምላቸው ነበር። በ1882 ሁለቱ መንግሥታት አንዱ የሌላውን ድንበር አልፎ እንዲያሳድድ ተስማሙና ያም ቀረ። ጄሮኒሞ በ1886 እጁን ሰጠ፤ ሕዝቡም በባቡር ወደ ፍሎሪዳ ተጋዘ። ለጦሩ ዱካ ሲያነሱ የኖሩ አፓቼዎች እንኳ አብረው ተጫኑ።